ወንድሜ የደፈናቸው ቀዳዳዎች

ተጠንቅቃችሁ፣ ጊዜ ሰጥታችሁ የሠራችሁት፣ ሲያልቅም ራቅ ብላችሁ በኩራት ያያችሁት ሥራ ሊገድላችሁ እንደነበር ደርሳችሁበት ታውቃላችሁ? በግዴለሽነት የተሠራውን ማለቴ አይደለም። እሱማ ሲበላሽ ማንም አይገረምም። እኔ የምጠይቀው በደንብ ስለተሠራው ነው። እኛ ላይ ደርሷል። መምህር ነኝና ነገርን ከመጀመሪያው ካላስረዳሁ አይሆንልኝም፤ ስለዚህ ከመኪናዋ ልጀምር።

እዚህ ጆሃንስበርግ የኛ ሰዎች አልጋና ምድጃ ያለውን መኪና ሁሉ ካራቫን ይሉታል። ልዩነት አለው። ካራቫን በሌላ መኪና ይጎተታል። ሞተርሆም ግን የራሷ ሞተር አላት፤ ሾፌሩ ከመሪው ተነስቶ ትንሽ ወደ ኋላ ቢራመድ ወጥ ቤት ውስጥ ነው፤ ሌላ ትንሽ ቢጨምር አልጋው ላይ። የኔዋን የሸጡልኝ ከእንግዲህ መንዳት የከበዳቸው ሽማግሌ ባልና ሚስት ናቸው። መኪናዋ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ሐሳቤ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር እየነዳኋት ባሕር ድረስ መሄድ ነበር። ገና ሳልነቃነቅ በየመሳቢያው ላይ ምን እንደሚገባበት ጽፌ ለጥፌ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ መጀመሪያ ያያት ቀን፣ ትሮይቪል የምኖርበት ግቢ ውስጥ ቆማ ነበር። ዞራት፣ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገና «ቲቸር» አለኝ፤ ሥራ ከያዝኩ ወዲህ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። «ይቺ መኪና ናት ወይስ ቤት?»

«ሁለቱም ናት ጋሼ።»

«እና ስትበላሽ የምትደውይው ለጋራዥ ነው ለአናጢ?»

ያን ጊዜ ስቄ አለፍኩት። መልሱ ለሁለቱም ነው። አሮጌ ሞተርሆም ያለው ሰው ሁለት ዓይነት እርጅና ይጠብቃል። የመኪናው እርጅና አለ፤ ጎማው ምንም ሳይሄድ ቆሞ ይሰነጣጠቃል፣ ባትሪው ቆሞ ይሞታል። የቤቱ እርጅና ደግሞ አለ፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ የውኃ ቱቦው ይደርቃል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል። የመኪናው ሕመም ድምፅ ስላለው ይሰማል። የቤቱ ዝም ይላል። እኔ ደግሞ በመኪናው ድምፅ ተጠምጄ ከረምኩ።

ወንድሜ ዛንድስፕሩት ውስጥ ስፓዛ አለው፤ ስፓዛ በየሎኬሽኑ፣ ማለትም በከተማው ዳር ባሉት የድኻ ሰፈሮች፣ የምትገኝ ትንሽ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ናት። የሚተኛውም እዚያው ሱቁ ውስጥ ነው፤ በዱቄቱ ከረጢትና በፍሪጁ መካከል ፍራሽ ዘርግቶ። ሚስቱን ካገባ በኋላ ብዙም አብሯት ሳይኖር ነው ከዱራሜ የወጣው። ከዚያ ወዲህ ትዳራቸው በስልክ ነው። በመጨረሻ ወረቀቷ ተሳክቶ እንደምትመጣ የታወቀ ቀን እየሮጠ ወደ እኔ መጣ። ደስ ያለው መስሎኝ ነበር። ፊቱን ሳይ ግን የፈራ ሰው ነው።

«የት ላሳርፋት ነው?» አለኝ። «ሱቅ ውስጥ አላስተኛትም። ክፍል ስፈልግ የሚያሳዩኝ በኮምፔንሳቶ የተከፈለ ነው፤ እዚህ ስታስነጥሺ እዚያ ይማርሽ ይሉሻል። እኔ ደግሞ ቃል ገብቼላታለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«የራሳችን በር ይኖረናል ብዬ።»

ሌላ ነገር አልጠየቀችውም ነበር። ትልቅ ቤት አላለችም፣ ሶፋ አላለችም። ከውስጥ የሚቆለፍ፣ የሁለቱ ብቻ የሆነ በር ነው የፈለገችው። ወንድሜ ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ በመስኮቱ በኩል ግቢው ውስጥ የቆመችው መኪናዬ ላይ ነበር። እኔም አየኋት። ባሕሩ ሊቆይ ይችላል አልኩ በልቤ። የግቢው ባለቤት፣ ሁላችንም በዙሉ ጎጎ፣ ማለትም አያቴ፣ የምንላት አሮጊት፣ «ኤሽ፣ ዝም ብላ ቆማ ግቢዬን ከምትይዝ ሰው ይደርባት» ብላ ፈቀደች።

ያኔ ክረምቱ፣ እዚህ ደረቅ ብርድ የሆነው፣ ገና ሩቅ ነበር። የጆሃንስበርግ ዝናብ የሚመጣው በበጋ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ነጎድጓድና በረዶ ይዞ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ደብድቦ ይሄዳል። ከእንደዚህ ዓይነቱ በረዶ ማግስት መኪናዋን ላጸዳ ገባሁ። ከአልጋው በላይ ያለው ግድግዳ ላይ የሻይ ቀለም ያላት ነጠብጣብ አየሁ። በጨርቅ ልጠርጋት አውራ ጣቴን ጫን አደረግኩ።

አውራ ጣቴ ግድግዳው ውስጥ ገባ።

ጫን ስል ግድግዳ ነበር፤ ስገፋ እርጥብ ዳቦ ሆነ። ጣቴን አውጥቼ ቀዳዳውን አየሁት፤ ጣቴን አየሁት፤ እንደገና ቀዳዳውን። ከላይ ያማረ ነጭ ወረቀት፣ ከስሩ ጥቁር ጭቃ። ቤቷን ስጠርግ፣ ስወለውል፣ መሳቢያ ላይ ስጽፍ የከረምኩት ከዚህ ጋር ነው? አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ለወንድሜ ደወልኩ።

ወንድሜ ወሬውን ሲሰማ እንደ እኔ አልደነገጠም። በተቃራኒው ነቃ። ለዓመታት ከሱቅ ጋር የኖረ ሰው ነው፤ የሚያፈስ ጣሪያ፣ የምትገባ አይጥ፣ አቧራ፣ በቀዳዳ ሽቦ አስገብቶ ሲጋራ የሚስብ ሌባ፣ ሁሉም ለእሱ አንድ በሽታ ነው፣ መድኃኒቱም አንድ ነው፤ መድፈን። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ሲሊኮኑን፣ ያን ቀዳዳ መድፈኛ ማጣበቂያ፣ ይዞ ይመጣ ጀመር። የበሰበሰውን እንጨት አውጥተን በአዲስ ኮምፔንሳቶ ተካን። ጣሪያው ላይ ወጥቶ የድሮውን ማጣበቂያ ስፌት በስፌት እየፋቀ በአዲስ ዘጋው። ሥራው ንጹሕ ነበር። ጎጎ ሳትቀር ከደጇ ሆና «ይሄ ወንድምሽ ጥሩ ዶክተር ነው» አለችኝ።

ጣሪያው ሲያልቅ ወደ ወለሉ ወረደ።

ከአግዳሚው ወንበር ስር የጋዝ ሲሊንደሩ የሚቀመጥበት ሣጥን አለ። የሣጥኑን ክዳን ሲከፍት ወለሉ ላይ ክብ ቀዳዳ አገኘ። ከምድጃው ስር ሌላ አገኘ። በጋዝ ከሚሠራው ፍሪጅ ኋላ ሌላ። በቀዳዳዎቹ ውስጥ የግቢው መሬት ይታያል።

«አየሽ!» አለኝ ከወለሉ ላይ ተጋድሞ። «ከላይ ጣሪያ እየደፈንን ከታች ለአይጥ በር ከፍተንላታል።»

የእጅ ባትሪ ይዤለት ጎንበስ አልኩ። በየቀዳዳው ላይ ከስር በኩል የወንፊት ሽቦ በጥንቃቄ ተመትቶበታል።

«ይሄ ሽቦ ምንድን ነው ጋሼ?»

«የሸጠልሽ ሰውዬ ሊደፍነው ጀምሮ ሰልችቶት ትቶታል።»

አሳማኝ ነበር። እኔም «ይሆናል» አልኩና ባትሪውን አስተካክዬ ያዝኩለት። በስፓዛ አሠራር ደፈናቸው፤ መጀመሪያ አይጥ እንዳትበላው የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ጠቅጥቆ፣ ከላዩ እየደረቀ የሚጠነክር አረፋ ነፍቶ፣ ሲደርቅ ቆርጦ አስተካክሎ፣ በመጨረሻ ሲሊኮን ቀብቶ በጣቱ አለሰለሰው። ቀዳዳ እንደነበረ እንኳ አይታወቅም። ሁለታችንም ቆመን አየነው። ያ ነው እንግዲህ በመጀመሪያ የጠየቅኋችሁ ኩራት።

እንግዳችን የደረሰችው በክረምቱ መካከል፣ እሑድ ነው። ፀሐይ አለች፣ ብርዱ ግን ደረቅና የሚቆነጥጥ ነው። ወንድሜ ጠዋት ከሱቁ የጋዝ ሲሊንደር አምጥቶ ከመኪናዋ አሮጌ የጋዝ ጎማ ጋር አሠረ፤ በትሮይቪል መብራት ሲጠፋ ማን ይጠብቀዋል። ምድጃውን ለኩሶ ሞከረ፤ ሰማያዊ እሳት ወጣ። አጠፋው። የሲሊንደሩን ቁልፍ ግን እንደተከፈተ ተወው፤ ስንመለስ ሻይ ለማፍላት እንዳንዘገይ። ብርድ እንዳይገባ መስኮቱን ሁሉ ጠርቅመን ወደ ኤርፖርት ሄድን።

ሚስቱ ከሻንጣዋ ትንሽ የምትበልጥ፣ ፈገግታዋ ቶሎ የማይመጣ ሴት ናት። ግቢው ስንደርስ መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ወንድሜ ቁልፉን በእጇ አስቀመጠላት። በሩን ራሷ ከፈተች፣ ገባች፣ ከውስጥ ዘጋችው፣ ሲቆለፍ ሰማን። እኛ ውጪ ቀረን። ጥቂት ቆይታ ከፈተችና ወንድሜን እያየች «ይቆለፋል» አለች። ያን ጊዜ ነው የሳቀችው።

ከእኛ ጋር የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበሩ። በእኛ ዘንድ አዲስ ቤት ሳይጸለይበት እሳት አይነድበትም፤ ሻይ እንኳ ከጸሎት በኋላ ነው። ጸሎት ደግሞ በጉልበት ነው። ጠባብ ናትና አግዳሚዎቹ ላይ ክንዳችንን አስደግፈን ሽማግሌው በአንድ በኩል፣ እኔና ወንድሜ በሌላ በኩል ተንበረከክን። ለእሷ ቦታ ስላልተረፈ መተላለፊያው ላይ ተንበርክካ ግንባሯን ወለሉ ላይ አደረገች። በሩ ተዘግቷል። የሚሸተኝ አዲሱ ቀለምና ሲሊኮኑ ነው። ማሰሮው ውኃ ተሞልቶ ምድጃው ላይ ተቀምጧል። ላይተሩ በወንድሜ እጅ ነው።

ሽማግሌው ጸሎት የሚያሳጥሩ ሰው አይደሉም። ከአውሮፕላኑ አብራሪ ጀመሩ። ስለ ጉምሩኩ አመሰገኑ፣ ስለ መንገዱ አመሰገኑ። ወደ ትዳሩ ሲገቡ ከወለሉ ላይ ሳል ተሰማ።

«አዎን ጌታ ሆይ!» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ንካት! የልቧን እንባ አንተ ታውቃለህ!»

ሳሉ ቀጠለ።

«ንካት አባት ሆይ! አብዝተህ ንካት!»

«አባቴ፣ ይቅርታ» አለች ከስር፣ በታፈነ ድምፅ። «እንባ አይደለም። አንድ ነገር ሸተተኝ። የበሰበሰ ሽንኩርት የመሰለ።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡ። ወንድሜ ቀና አለና «ሲሊኮኑ ነው» አላት። «አዲስ ስለሆነ ነው። ይልቅ አሜን እንበልና ሻይ ላፍላልሽ።» ተነሳ።

እኔ ከእልክ በስተቀር በምን እንደሆነ አላውቅም፣ አፍንጫዬን ወደ እሷ አወረድኩ። የአግዳሚው ወንበር ከፍታ ላይ ስደርስ ቀለም ነው። ወለሉ ጋ ስደርስ ጋዝ ነው። ትንሽ ጋዝ አይደለም። ውኃ ውስጥ ፊትን እንደ መንከር ነው።

«አትለኩስ!»

ድምፄ የኔ አልመሰለኝም። ወንድሜ አውራ ጣቱ ላይተሩ ላይ እንዳለ ዞረ። እጁን በሁለት እጄ ጨበጥኩት፤ ጣቱን ከላይተሩ አላቅቄ እስክወስድበት ድረስ ዓይኑን አላርገበገበም። «ውጡ» አልኩ፤ «ምንም አትንኩ፣ ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ፣ ውጡ ብቻ።» ሽማግሌው ጫማቸውን ሳያደርጉ ወጡ። ሣጥኑን ከፍቼ የሲሊንደሩን ቁልፍ እስኪያቅተኝ ድረስ አጥብቄ ዘጋሁትና እኔም ወጣሁ።

በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ስለነበር ጋዙ ይወጣል ብዬ ቆምኩ። ቆየት ብዬ ከደጃፉ ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ። አለ። አሁንም ቆየሁ። አለ። ግራ ገባኝ፤ ከዚያ የበሩን ደፍ አየሁ። ደፉ ከወለሉ በእጅ ስፋት ከፍ ይላል። መኪናዋ ገንዳ ናት። የምድጃ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ እንደ ውኃ ወደ ታች ነው የሚፈስሰው፤ ይህን ሰባተኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ በዚያው ሳምንት አስተምሬው ነበር። ገንዳው ደግሞ መፋሰሻ ነበረው። ወንፊት የተመታበት፣ ክብ፣ በትክክል ጋዝ ሊፈስስ በሚችልበት ቦታ ሁሉ ስር የተበሳ። ሰውየው ደፍኖ ያልጨረሰው አልነበረም። ሆን ብሎ የከፈተው ነው፣ ወንፊቱም አይጥ ከልክሎ ጋዙን እንዲያሳልፍ ነው።

 ባትሪ የያዝኩለት እኔ ነኝ።

የጎጎን መጥረጊያ ተቀብዬ መኪናዋ ስር ገባሁ። ብረት ብልጭታ ያወጣል ብዬ ፈራሁ፤ በእንጨቱ እጀታ ወንፊቱን ቦድሼ አረፋውን ከስር ወደ ላይ ገፋሁት። ወንድሜ ከአጠገቤ ተጋድሞ በባዶ እጁ የሚረግፈውን ይጎትታል። ያን የመሰለ ሥራ ቶሎ አይፈርስም። የመጀመሪያው ቀዳዳ ሲከፈት ሽታው ፊታችን ላይ ወረደ፤ ፊታችንን አዙረን ወደ ጎን ተንፏቀቅን። ጎጎ ከላይ «እናንተ ሰዎች፣ ዛሬ እንግዳ አለን አላላችሁም?» ትላለች።

ሲያልቅ ወንድሜ ግንቡ ስር ተቀመጠ። የዕቃ ማጠቢያው ሽቦ ጣቶቹን ቧጭሮታል።

«በገዛ እጄ» አለ። «ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቃ መጥታ፣ በደረሰች በሰዓቱ በገዛ እጄ። ሽጫት ቲቸር። ነገ ሽጫት። ክፍል እፈልጋለሁ።»

ሚስቱ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። ስለ ጋዙ ምንም አላለችም። «ለምንድን ነው ቀዳዳ እንዲህ የምትጠላው?» አለችው።

«አይጥ ነው። ሌባ ነው። ሱቅ እንደዚያ ነው።»

«ለአይጥ እንዲህ አይደፈንም።»

 ሽማግሌው ጫማቸውን ለማምጣት ብለው ራቅ አሉ። ከዚያ ወንድሜ መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ። አንድ ጊዜ ሎኬሽኑ ውስጥ በውጭ አገር ሰዎች ሱቆች ላይ ረብሻ ተነስቶ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ሱቁን ከውስጥ ቆልፎ ተቀምጦ ነበር። ውጪ ሰዎች ይጮኻሉ። በበሩ ስር ባለች ክፍተት ቤንዚን ሲፈስ አየ፤ ወደ ዱቄቱ ሲሄድ አየ። ጃኬቱን አውልቆ ክፍተቱን ወተፈ፣ በጉልበቱ ተጭኖ ያዘ። ሁልጊዜ ዳቦ የምትገዛው አንዲት ሴትዮ ናት ከውጪ እየጮኸች መሐል የገባችው። ሰዎቹ ሄዱ። «ከዚያ ወዲህ» አለ፣ «ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ካየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

እኔ በየሳምንቱ እያገኘሁት ይህን አላውቅም። አብሬው ጣሪያ ላይ ወጥቼ፣ አብሬው ሲሊኮን ገዝቼ፣ እየቀለድኩበት፣ አላውቅም። በዚያ ቀን ሁለት ጊዜ ነው የደነገጥኩት፤ የቱ እንደሚበልጥ ብትጠይቁኝ ጋዙ አልላችሁም።

ሚስቱ የተቧጨረውን እጁን ይዛ ታየዋለች። ከዚያ ተነሳች።

«አትሸጥም» አለች። «በሩ ጥሩ በር ነው፤ ቆልፌ አይቼዋለሁ። ቀዳዳዎቹን ደግሞ እኔ እጠብቃቸዋለሁ። አንተ ተኛ።»

በማግሥቱ ሁሉንም እንደ ድሮው አደረግናቸው፤ አዲስ ወንፊት፣ ከስር። ሲሊንደሩን ውጪ አየሩ ላይ አስቀምጬ፣ ሳሙና በውኃ መትቼ፣ በብሩሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ የጋዙን ጎማ ቀባሁት፤ ቁልፉን ስከፍት ጎማው በታጠፈበት ቦታ አረፋ ተነፋ፣ ፈነዳ፣ ተነፋ። ወንድሜ ያን ትንሽ አረፋ ጎንበስ ብሎ ሲያይ እባብ ያየ ይመስል ነበር። አሮጌውን ጎማ ቆራርጬ ጣልኩትና አዲስ ገዛሁ።

አሁን እዚያው ይኖራሉ። እሱ ቀን ሱቁ ይሄዳል፣ ማታ ይመለሳል፤ በሩ ከውስጥ ይቆለፋል። ምድጃው ከመለኮሱ በፊት እሷ መተላለፊያው ላይ ትንበረከክና አፍንጫዋን ወለሉ ላይ ታደርጋለች። ሽማግሌው ሰምተው «ይሄስ ከሁሉ አጭሩ ጸሎት ነው» አሏት፤ «እርስዎም ይልመዱት አባቴ» አለቻቸው።

እናንተም ዛሬ ምድጃችሁን ከመለኮሳችሁ በፊት ሞክሩት። ሞተርሆም አያስፈልግም፤ ማንኛውም ወጥ ቤት ይሆናል። ቆማችሁ አታሽቱ፤ ቆሞ አይገኝም። ተንበርከኩ፣ አፍንጫችሁን ወለሉ ድረስ አውርዱ፣ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ከሸተታችሁ አትለኩሱ፣ ውጡ፤ ምንም ካልሸተታችሁም ሳሙና በውኃ ምቱና የጋዙን ጎማ ቀቡት፣ አረፋውን ጠብቁ። ከዚያ ደግሞ ቤታችሁ ውስጥ ቀዳዳ የሚደፍን ሰው ካለ፣ ባትሪ ከመያዛችሁ በፊት ለምን እንደሚደፍነው ጠይቁት።